ከመባው በኋላ ያለው ሒሳብ

እሑድ ረፋድ በበዴሳ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች አምልኮው እንዳበቃ በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ደጅ ላይ ጨረታ አለ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ በጆንያ የመጣ በቆሎ፣ አንድ እጅ ሙዝ ይቀርባል፤ በደህና ዓመት ጥጃም አይጠፋም። ጥሬ ገንዘብ ያልነበረው ምእመን መባውን ያመጣው በዓይነት ስለሆነ ወደ ብር መለወጥ አለበት። አጫራቹ ብዙ ጊዜ ቀልድ የሚችል ዲያቆን ነው። ዶሮዋን ከፍ አድርጎ ይይዝና ስለ እንቁላሏ ትንሽ አጋኖ ያወራላታል፤ ሕዝቡ ይስቃል፤ ዋጋው ይወጣል። ከገበያ በላይ ከፍሎ የገዛ ሰው የገዛውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥና ያችው ዶሮ ሁለት ጊዜ ስትሸጥም ማንም አይደነቅም።

ጨረታው ሲያልቅ ግቢው ጭር ይላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ግን ከአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀራሉ። የተጨማደዱትን ብሮች ያቃናሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ። እንግዳ ሰው ፎቶ የሚያነሣው ጨረታውን ነው። ክርስቲያናዊ መጋቢነት በተግባር ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ግን ዓይኑን ከጠረጴዛዋ ላይ ባያነሣ ይሻለዋል።

በዴሳ በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ በስተምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ቆላ በሚወርደው አቅጣጫ ትገኛለች። ዙሪያዋ የገበሬ አገር ነው። የቤተሰቡ መሬት ጠባብ ነው፤ ወላይታ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነውና። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጊዜና ስለ ተሰጥዖ አያያዝ መስበክ ለባለጸጋ ከተማ ከመስበክ ይለያል። ትምህርቱ በአጭሩ ሲነገር፣ የሁሉም ባለቤት እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ደግሞ አደራ ተቀባይ ነው የሚል ነው። በየመድረኩ የሚሰጠው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ በአሥራት ተጀምሮ በአሥራት ያልቃል። አንድ አሥረኛው ከተሰጠ በኋላ የቀረው ዘጠኝ እጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተሰጠውም አንድ እጅ የት እንደገባ የሚናገር ስብከት ከስንት አንዴ ነው የሚሰማው። ወላይታ ደግሞ መስጠትን ለመማር ሰባኪ የሚያሻው አገር አይደለም። ያንን ገና በድህነቱ ተምሮ ጨርሷል።

ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ቡድን ሶዶ ሲደርስ አንድ ጠንከር ያለ መርሕ ይዞ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሕንጻም ሆነ የአገልጋይ ደመወዝ ከውጭ ገንዘብ አይሸፈንም። ቤቱን ምእመናኑ በራሳቸው እንጨትና ሣር ይሥሩ፤ ወንጌላዊውንም ራሳቸው ይያዙት የሚል ነው። መጀመሪያ የተጠመቁት አሥር ሰዎች ነበሩ፤ ጊዜው 1926 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣና በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ሚሲዮናውያኑ ሶዶን ለቀው ወጡ። ሬይመንድ ዴቪስ ስለዚያ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ሲወጡ የቀሩት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ሲመለሱ ያገኙት አሥር ሺህ ገደማ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የውጭ ገንዘብ አልገባም፤ የነበረው እስር ነው። ጦሮ ዱቡሾንና ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች ወህኒ ወርደዋል፣ ተገርፈዋል። በዚያን ጊዜ እስረኛን የሚመግበው መንግሥት ሳይሆን ዘመዱ ነው፤ ዘመድ የሌለው ይራባል። ዴቪስ እንደጻፈው ለታሰሩት መሪዎች ከየአጥቢያው የሚመጣው ስንቅ ስለሚበዛ ትርፉ ለማያምኑት እስረኞች ይታደል ነበር። የአገሩን ሰው ያስደነቀውም ስብከቱ ሳይሆን ይህ እንደሆነ ይነገራል። ቆጮና በቆሎ የሚበላ ድሃ ገበሬ ለማያውቀው እስረኛ ምግብ ሲያሻግር ስለ መጋቢነት የተጻፈ አንዲት ገጽ እንኳ አላነበበም ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ማሌና ወደ አሪ ወረዱ። ታሪካቸውን ፖል ባሊስኪ ከ1937 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን በሸፈነ መጽሐፍ ሰብስቦታል። ወንጌላዊው ከቤተሰቡ ጋር ቋንቋውን ወደማያውቀው፣ ወባ ወዳለበት ቆላ ሲሄድ የላኩት አጥቢያዎች ያቅማቸውን ያዋጡለታል፤ የጎደለውን ራሱ አርሶ ይሞላል። ዛሬ ከሚሽኑ ሥራ በተነሣችው በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ለወንጌል ሥርጭት የሚዋጣው መባ የዚያ ልማድ ልጅ ነው።

በሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሚዞራም ውስጥ ሴቶች ምግብ ሊያበስሉ ሲነሡ ከሚቀቅሉት ሩዝ አንድ እፍኝ ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጣሉ። ልማዱ ከ1910 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ሳይቋረጥ ዘልቆ አገልጋይና ትምህርት ቤት የሚይዝ ገቢ ሆኗል። ለበዴሳ እናት ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባትም። እሷም ከናጠችው ቅቤ ላይ አንስታ በኮባ ትጠቀልላለች።

እንግዲህ መስጠቱ አለ። ቀሪው ግማሽ የሒሳብ ቀን ነው። የመክሊቱ ምሳሌ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ላይ ያለው፣ በተለምዶ የሚሰበከው "ተሰጥዖህን አትቅበር" ተብሎ ነው። ምሳሌው ውስጥ ግን ከባድ ገንዘብ አለ። አንድ መክሊት ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ዋጋ ነው። ስለዚህ ትንሹን የተቀበለው አገልጋይ እንኳ የሃያ ዓመት ያህል ደመወዝ በእጁ ነበረ። ጌታው ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምስጋና ወይም ወቀሳ አይደለም፤ ሦስቱንም ጠርቶ ሒሳብ ተሳሰበ።

መጽሐፍ ቅዱስ በሌላም ቦታ የቆጠራን ነገር በዝርዝር ይተርካል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ንጉሥ ኢዮአስ ለቤተ መቅደሱ እድሳት ገንዘብ እንዲሰበሰብ ያዝዛል። ገንዘቡ ተሰበሰበ፤ ዓመታት አለፉ፤ ቤቱ አልታደሰም። በመጨረሻ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን በሳና ከመሠዊያው አጠገብ አቆመው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ቆጠሩ። ለብቻው የቆጠረ የለም። (በዚያው ምዕራፍ ሥራውን ያሠሩት ሰዎች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም የሚል ቃል አለ፤ ይህን ጥቅስ አብዝቶ የሚወድ ገንዘብ ያዥ አይጠፋም።) ጳውሎስም በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ይዞ ለመሄድ ሲነሣ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው የመረጡት ሰው እንዲሄድ አድርጓል። ሰው እንዳያማው ፈልጎ ነው። ሐዋርያው ራሱ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ "እኔን አታምኑኝም ወይ?" የሚል አገልጋይ የሚያነሣው ጥያቄ መልሱ ቅርብ ነው።

የእኛ አገር ተረት ግን በተቃራኒው ያስተምራል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው አባባል ከቤተ መንግሥት እስከ እድር ድረስ የሚሠራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ደጃፏ ላይ አላቆመችውም። አብዛኞቹ አጥቢያዎች ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር አላቸው። በወረቀት ላይ ያለው ሥርዓት ደህና ነው። ችግሩ የሚመጣው ኦዲተሩ የገንዘብ ያዡ አማች ሲሆን፣ ሪፖርቱ በጠቅላላ ጉባኤው መጨረሻ፣ ሕዝቡ ለምሳ ሲነሣ በሁለት ደቂቃ ሲነበብ፣ ጥያቄ የጠየቀም ሰው "መንፈሱ ደክሟል" ሲባል ነው። ደረሰኝ መጠየቅ እንደ እምነት ማነስ በሚታይበት ቤት መጋቢነት የለም፤ ያለው መዋጮ ነው።

ቅርብ ጊዜ የመጣ ሌላም ነገር አለ። "ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ" የሚለው ስብከት በቴሌቪዥንና በስልክ ወደ ገጠሩ ደርሷል። የወላይታ ገበሬ ስለ ዘር ከማንም ሰባኪ ይበልጥ ያውቃል። ዘር መሬት ይፈልጋል፣ ዝናብ ይፈልጋል፣ ማረም ይፈልጋል፤ በልግ ሲዘገይም ሳይበቅል ይቀራል። የመጨረሻዋን በግ ሽጦ ለነቢይ ነኝ ባይ የሰጠን ሰው በእምነት አደረገ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በጓ ግን የልጁ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ነበረች፤ ለእሷም የሚጠየቅ ባለአደራ አለ።

ቁጠባን በተመለከተ ወላይታ የራሱ ዘዴ አለው። እንሰት በጓሮ ተተክሎ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ እስኪቸግር አይነካም፤ በክፉ ቀን ይፋቃል። ከብት በርቢ ይሰጣል፤ ባለቤቱና አርቢው በልማዳቸው ይካፈላሉ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫው፣ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ለሠንጋው ሲያጠራቅሙ ሴቶች ለቅቤው ያጠራቅማሉ። ይህ ሁሉ ባንክ ሳይመጣ የነበረ ነው፤ ሁሉም በሰው ፊት የሚደረግ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቁጠባ ነው።

የራስ አገዝ ቡድን የሚባለው በዚህ ላይ የተተከለ ይመስላል። ሐሳቡ ከሕንድ የተቀዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቴርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ ድርጅት ጋር ሆና በአዳማ ጀመረችው፤ ከዚያ ወደ ብዙ የአገሪቱ ክፍል ተዛመተ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጡት ሳንቲም ነው፤ አንድ ብር እንኳ ብዙ ነበር። ከውጭ የሚጨመር ገንዘብ የለም፤ ካጠራቀሙት ላይ ተበድረው አንዷ ጤፍ ትነግዳለች፣ ሌላዋ ዶሮ ትገዛለች። ያረፈደች ትቀጣለች። ሰብሳቢነቱ በተራ ነው።

ከእሱ ጋር የሚመሳሰለው የመንደር ቁጠባና ብድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር የጀመረ ነው፤ እሱ ደግሞ ሣጥን አለው። ሣጥኑ ላይ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠላል። ሦስቱ መክፈቻዎች በሦስት አባላት እጅ ናቸው፤ ሣጥኑ አራተኛዋ ቤት ያድራል። በስብሰባው ቀን ሦስቱም ካልመጡ አይከፈትም። ሲከፈት ገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ ማንበብ የማትችለዋም እናት ያለፈው ሳምንት ስንት እንደነበረ በቃሏ ይዛ መጥታለች፤ ከተሳሳቱ ታቆማቸዋለች። ከዮዳሄ ሣጥን የሚለየው በቁልፉ ብዛት ብቻ ነው። ብዙ ትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች የዚህን ግማሽ ያህል ጥንቃቄ የላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቁጠባም ግን የራሱ ወጥመድ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ብሩን ሣጥን ውስጥ ያቆየው ሰውና ጥጃ የገዛው ሰው በዓመቱ መጨረሻ እኩል አልነበሩም። ሣጥን ውስጥ የተኛ ብር እንደተቀበረው መክሊት እንኳ አይሆንም፤ መክሊቱ ሲቆፈር ያው ነበር፣ ብሩ ግን ያንሳል። ስለዚህ "ቆጥቡ" የሚል አስተማሪ "በምን?" የሚለውንም ቢመልስ ደግ ነው።

በዚያው ዓመት በወላይታ ዞን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ለወራት እንደዘገየባቸው በስፋት ተዘግቧል። ወርሃዊ በጀት አውጡ፣ አሥራታችሁን መጀመሪያ ለዩ የሚለው ትምህርት ለእነሱ ምን ትርጉም አለው? ደመወዝ ያልገባለት መምህር የሚለየው አሥረኛ የለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጋቢነት ትምህርት ፊቱን ወደ አሠሪውም ቢያዞር ተገቢ ነው። የሠራተኛን ዋጋ ማሳደር ከኦሪት ጀምሮ የተከለከለ ነገር ነው፤ በጀት የያዘ ሹምም አደራ ተቀባይ ነው።

ከወላይታ በስተደቡብ፣ በጋሞ ደጋ፣ አንትሮፖሎጂስቷ ዲና ፍሪማን ያጠናችው ጉዳይ ለነገሩ ሌላ ገጽ ይሰጠዋል። በዚያ አካባቢ ወርልድ ቪዥን የተባለው ክርስቲያናዊ የዕርዳታ ድርጅት የአፕል ችግኝ ካስገባ በኋላ ጥቂት ገበሬዎች ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። በአካባቢው ሥርዓት ሀብት ያፈራ ሰው ማዕረግ ተቀብሎ ትልቅ ድግስ እንዲደግስ ይጠበቅበታል፤ ያጠራቀመውም በድግሱ ያልቃል። ብዙዎች ፕሮቴስታንት የሆኑት በዚያን ጊዜ ነው። አዲሱ እምነት ከድግሱ ግዴታ ነፃ ስለሚያወጣ ትርፉን መልሶ ለሥራ ማዋል ተቻለ። ይህን የሰማ ሰባኪ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ድግሱ የድሃውም ምግብ ነበር። ድግሱን ትቶ የተረፈውን ለብቻው የያዘ ሰው ጎረቤቱን በሌላ መንገድ ካላሰበው፣ የቆጠበው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱ ድርሻም ጭምር ነው።

ስለ ጊዜ ሲነሣ ነገሩ የበለጠ ስስ ነው። እሑድ አምልኮ፣ በሳምንቱ መካከል ጸሎት፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ በወሩ መጨረሻ ሌሊቱን የሚያድር ጸሎት አለ። ይህን ሁሉ የሚሞሉት በብዛት ሴቶች ናቸው። ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ቆጮ ፍቀው፣ ልጅ አዝለው የሚመጡትም እነሱው ናቸው። ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ቀናት ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛን ማስተዛዘን ሊቀር የማይገባው ነው፣ ግን ዘር በሚዘራበት ሳምንት ሦስት ቀን የጠፋ ጉልበት በመኸር ይታያል። አንዳንድ አጥቢያዎች በእርሻ ወቅት ፕሮግራም ይቀንሳሉ፤ የባልቴትንም ማሳ በደቦ ያርሳሉ። እንዲህ ያለው የደቦ ቀን በአምልኮ ደብተር ላይ ባይመዘገብም መቆጠር ይገባዋል።

ተሰጥዖን በተመለከተ ሶዶ ከተማ ራሷ ምስክር ናት። ሚሲዮናውያኑ የመሠረቱት ኦቶና ሆስፒታል በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ዞሮ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃሮልድ አዶልፍ ነው። የሆስፒታሉ ትልቁ ፍሬ ግን የታከመው ሕመምተኛ ብቻ አይደለም። የፓን አፍሪካ ክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ አፍሪካውያን ሐኪሞችን ለአምስት ዓመት ቀዶ ሕክምና ከሚያሠለጥንባቸው ሆስፒታሎች አንዱ ይህ ነው። እጁ የለመደ ሐኪም ቢላዋውን ለሌላው ካላስያዘ፣ ሥራው ከእሱ ጋር ጡረታ ይወጣል።

መሬትም አደራ ነው። ከሶዶ በስተደቡብ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሑምቦ ተራራ አለ። ደኑ ቀድሞ ተጨፍጭፎ ካለቀ በኋላ ጎርፍ አፈሩን ያጥብ፣ ምንጩም ይደርቅ ነበር። ወርልድ ቪዥን በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እዚያ የጀመረው ሥራ መሠረቱ ቀላል ነበር። ዛፉ ተቆርጧል እንጂ ጉቶውና ሥሩ በመሬት ውስጥ በሕይወት አለ፤ ከብት እንዳይገባ ከተከለለና ቡቃያው እየተመረጠ ከተገረዘ ራሱ ይነሣል። ዘዴውን በኒጀር የፈተነው አውስትራሊያዊው የእርሻ ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ነው፤ ሥራውን ከክርስትና እምነቱ ለይቶ አያወራውም። በሑምቦ 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ፤ ገበሬዎቹ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብት በስማቸው ተመዘገበ። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ እንዲህ ያለ መጠን ያለው የደን ፕሮጀክት ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ታስቧል፤ ከዚያ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ።

ገንዘቡ መምጣት ሲጀምር ማኅበራቱ ለየአባወራው ከፋፍለው አልበተኑትም። ተሰብስበው ተነጋገሩበት፤ ካደረጓቸውም ነገሮች መካከል የእህል መጋዘንና ወፍጮ ይገኙበታል። ወፍጮው ቅርብ ሲሆን ሴቶቹ እህል ተሸክመው ከሚሄዱበት ሰዓት ይተርፋቸዋል፤ መጋዘን ሲኖር ደግሞ በቆሎው በመኸር ርካሽ ዋጋ ሳይሸጥ ወደ ክረምቱ ይሻገራል። የማኅበራቱም መዝገብ በአባላቱ ፊት ይገለጣል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በማን ፊርማ የሚለው ይነበባል፣ ከወፍጮው ገቢ ላይ ጥያቄ ያለውም ገበሬ እጁን ያወጣል።